ንብ የከበበው ጣሪያ

ጋራዥ የገባሁት መኪና ልቀባ አልነበረም። ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። ከደካ ወደ ቦንጋ መጥቼ የሱቅ፣ የፀጉር ቤትና የምግብ ቤት ታፔላ እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። አንድ ቀን የሚኒባስ በር ላይ «ቦንጋ – ሺሺንዳ» ብለሽ ጻፊ ተባልኩና ብሩሼን ይዤ ጋሽ ክፍሌ ጋራዥ ሄድኩ።

ጋሽ ክፍሌ የጋራዡ ባለቤትም ዋናው ቀለም ቀቢም ነበሩ። ከኋላዬ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «እጅሽ አይንቀጠቀጥም። ነገ ነይ፤ ረዳት እፈልጋለሁ» አሉኝ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ! በማግስቱ ሽክ ብዬ፣ ነጭ ሹራቤን ለብሼ ሄድኩላቸው።

የተሰጠኝ ግን የቀለም መርጫ አልነበረም። ብርጭቆ ወረቀት፣ አንድ ባልዲ ውሃና ስቱኮ የተለጠፈበት የመኪና በር ነው። «በቃሽ እስክልሽ ፈትጊ» አሉኝ። እስከ ምሳ ድረስ በቃሽ አላሉኝም። ሹራቤም ከዚያ ወዲህ ነጭ ሆኖ አያውቅም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። መኪና ሲጎዳ መጀመሪያ የሚነካው ባትላሜራው ነው። የእኛ ባትላሜራ ማቴዎስ ይባላል፤ መዶሻው ለስላሳ፣ ምላሱ ሸካራ። እሱ ላሜራውን ቀጥቅጦ ወደ ቦታው ይመልሳል። የቀረውን ጎድጓዳ ስቱኮ ይሞላዋል፤ ስቱኮው ይፈተጋል። ከዚያ ፀረ ዝገቱ ይረጫል፤ እሱም በውሃ ይፈተጋል። ዋናው ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም የሚያብረቀርቀው ትራንስፓረንት። ሰው የሚያየው የላዩን ብቻ ነው፤ ጉዱ ያለው ግን ከሥር ነው።

ጋሽ ክፍሌ ፍትጊያዬን በዓይኔ እንድመረምር አይፈቅዱም ነበር። «መዳፍሽ ሥር ጨርቅ አድርጊና ዓይንሽን ጨፍኚ» ይሉኛል። እውነትም ዓይን የሚያልፈውን ስርጉድ መዳፍ ይይዘዋል። ማቴዎስ ዓይኔን ጨፍኜ በር ስዳብስ ባየ ቁጥር «ጸሎት ተጀመረ» እያለ ይስቅብኛል። እኔም፣ «አንተ የቀጠቀጥከውን ቆርቆሮ ያለ ጸሎት ማን ይነካዋል?» እለዋለሁ።

ዋናውን ቀለም ግን አያስነኩኝም። ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ እኔ ያው ፍትጊያ ላይ ነኝ።

አንድ ጊዜ ጋሽ ክፍሌ ለዓይን ሕክምና ጅማ መሄድ ነበረባቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሐኪሙም ከቀለም ብናኝ ራቁ ብሏቸዋል። ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝ።

«ማርታ፣ ከእንግዲህ መርጫውን አልይዝም። ጅማ አንድ ቀለም ቀቢ አለ፤ ና ካልኩት ይመጣል። መጀመሪያ ግን አንቺን ልይሽ። ስመለስ አንድ መኪና ሠርተሽ አሳዪኝ። ከወጣልሽ መርጫው ያንቺ ነው። ካልወጣልሽ ሰውየውን እጠራለሁ፤ አንቺም ወደ ታፔላሽ።»

ክፋት አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ ግን የምራቸውን ነው። እኔ ደግሞ ያንን መርጫ ክፉኛ እፈልገው ነበር። የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ የራሴ የምለው ሙያ አምሮኛል።

በነጋታው ጋሽ ወልዴ መጡ። ጋሽ ወልዴን የሚኖሩባት የቢታ ገነት ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ረጅም ዛፍ ወጥተው ቀፎ ይሰቅላሉ፤ ሌላውም ሰው ቀፎ ሲያሰቅል የሚጠራው እሳቸውን ነው። «እኔ የሰቀልኩት ቀፎ ወድቆ አያውቅም» ሳይሉ ጨዋታ አይጀምሩም። ያን ዕለት ግን ጨዋታ የለም። የቀይ ፒክአፓቸው ጣሪያ መሃል ለመሃል ሰርጉዷል።

«ምን ነካት፣ ጋሽ ወልዴ?»

«ቅርንጫፍ ወደቀባት።»

«ምን ዓይነት ቅርንጫፍ ነው እንዲህ ክብ ጉድጓድ የሚያወጣ?»

«ወፍራም ቅርንጫፍ» አሉና ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ነው የመጣችው። የታጠበች መኪና ማን ይጠረጥራል?

ማቴዎስ የጣሪያውን የውስጥ ልባስ አውልቆ ላሜራውን ከውስጥ እየገፋ መለሰው። እኔ ስቱኮ ሞላሁ፣ ፈተግሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኩ። ቀለሙንም ራሴ ቀየጥኩ። ፒክአፗ ፀሐይ የጠጣች ናት፤ አዲስ እያለች የነበራትን ቀይ ብቀባት ጣሪያው የተውሶ ኮፍያ ይመስልባታል። ትንሽ ነጭ፣ ትንሽ ቡናማ እየጨመርኩ ከበሯ ጋር እያስተያየሁ አገኘሁት። ከዚያ ፀሐይ ጠበቅሁ። ቦንጋ ላይ ፀሐይ በልመና ነው የምትገኘው፤ በእርጥብ አየር የተረጨ ቀለም ደግሞ ጉም ይለብሳል። ስንት ቀን ሲዘንብ ከርሞ ብራ ሆነ፤ መርጫውን አነሳሁ።

የመጀመሪያው ድርብ ልሙጥ ብሎ ወጣ። ልቤ ጮቤ ረገጠ። መርጫውን ሳላስቀምጥ ግን ቀለሙ እዚህም እዚያም መሸሽ ጀመረ፤ ጣሪያው ሁሉ ትንንሽ ክብ ዓይን አወጣ። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ደስ ይላል፤ መኪና ዓይን ሲያወጣ ያስለቅሳል። አለቀስኩም፤ ምን እደብቃለሁ።

ማቴዎስ መጥቶ አየና፣ «ታፔላ መጻፍም እኮ ጥሩ ሥራ ነው» አለኝ።

«ዞር በልልኝ!» ብዬ ጮህኩበት።

ቀለም ዓይን የሚያወጣው ከሥሩ ቅባት ሲኖር ነው፤ ይህን ከጋሽ ክፍሌ ተምሬአለሁ። አየር የሚገፋው ኮምፕረሰር ዘይት ተፍቶብኝ ይሆን ብዬ ቁራጭ ላሜራ ላይ ረጨሁ። ንጹሕ! እንግዲያው መርጫውም እጄም ደህና ናቸው፤ ነገሩ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ግን ቅርንጫፍ ምን ቅባት አለው?

ፀሐይዋ ጣሪያውን ስታሞቀው አንድ ንብ መጣች። ቀጥላ ሌላ። ምሳ በልተን ስንመለስ ቀድሞኝ የገባው ማቴዎስ በሩጫ ወጣ። «ወይ ጉድ! ማርታ፣ መኪናሽ ወልዳለች!» ይላል። ንቦቹ በጣሪያው ዳርና ዳር ባለው የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ፈራ ተባ እያልኩ የቦዩን የጎማ ጠርዝ ገለጥ አድርጌ በእንጨት ጫር አደረግሁና አሸተትኩ። ማር! ከማሩ ሥር ደግሞ ሰም።

ጋሽ ወልዴ ጋ ደወልኩ። መጥተው ንቦቹን ሲያዩ ደርቀው ቀሩ።

«ጋሽ ወልዴ፣ ቅርንጫፉ ማር ነበረው እንዴ?»

ማቴዎስ ራቅ ማለቱን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ «ቀፎ ነው» አሉኝ። «የራሴ ቀፎ። ራሴ የሰቀልኩት። ከዛፉ ሥር አቁሜያት ወደቀባት። ስደነግጥ በፈላ ውሃ አጠብኳት።»

በፈላ ውሃ! ሰሙ ቀልጦ ጣሪያውን ሁሉ ለብሶታል። እኔ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ስቱኮው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

«ለክፍሌ ቅርንጫፍ ነው በይልኝ» አሉ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ ልጄ። ይህ ከተሰማ ማን ቀፎ ያሰቅለኛል?»

ደሜ ፈላ። «እርስዎ ስምዎን ሊያድኑ እኔ እንጀራዬን ልጣ? ጋሽ ክፍሌ መርጫውን ለእኔ ወይም ለጅማው ሰው የሚሰጡት ይህን ጣሪያ አይተው ነው!»

አንገታቸውን ደፍተው ሳያቸው ንዴቴ በረደ። አባቴ በሚሆኑ ሰው ላይ መጮኼም አሳፈረኝ። «እሺ፣ ከአፌ አይወጣም» አልኳቸው። «ግን ሰሙን ያውጡልኝ።»

ሰም ማውጣቱንስ ያውቁበታል። «ሲሞቅ አትንኪው፤ ይዘረጋል» አሉኝ። ጠዋት ብርዱ ሳይለቅ መጥተው በቦዩ ውስጥ የደረቀውን ሰም በቀጭን እንጨት እየሰበሩ አወጡት። እኔ ቀለሙንና ስቱኮውን እስከ ላሜራው ድረስ ፍቄ አነሳሁ። ከዚያ በአንድ ጨርቅ ላሜራውን ሰም በሚያሟሟ ቲነር ማራስ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። አንዴ የጠረገ የጨርቅ ፊት ደግሞ አይመለስም። ማቴዎስ ማንም ሳይለምነው አሮጌ አንሶላ ቀዳዶ ሰጠኝ። ከዚያ እንደገና ስቱኮ፣ እንደገና ፍትጊያ፣ እንደገና ፀሐይ ልመና።

ጋሽ ክፍሌ ሲመለሱ ትራንስፓረንቱ ደርቋል፤ ጋሽ ወልዴም መኪናቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። ጋሽ ክፍሌ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ጣሪያውን አላዩትም፤ መዳፋቸውን አሳረፉበትና ከዳር እስከ ዳር ዳበሱት። ማቴዎስ እንኳ «ጸሎት» አላለም።

ከዚያ የቀለሙን ቆርቆሮ አንስተው ነቀነቁት። ቆርቆሮው ቀለለባቸው። «ሁለቴ ቀብተሻል።»

«አዎ። ዓይን አወጣብኝ፤ ፍቄ እንደገና ሠራሁት።»

«ምን ነክቶት?»

«ሰም።»

«ሰም ከየት መጣ? ሳትጠይቂ ነው የጀመርሽው?»

ጠይቄያለሁ። ግን ጠይቄያለሁ ካልኩ «ምን አሉሽ?» ይከተላል። መሬት መሬት አየሁ። መርጫው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የጅማው ሰው ከሚስማሩ ሲያወርደው ታየኝ።

«ክፍሌ» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ልጅቷ ጠይቃኛለች። እኔ ነኝ የዋሸኋት።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቀፎ ነው የወደቀው። እኔ የሰቀልኩት።»

የማቴዎስ መዶሻ ከእጁ ወደቀ። ጋሽ ክፍሌ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩዋቸውና፣ «በሩ ላይ የተቀበለችኝ ንብ ናት፣ ወልዴ» አሉ። «ንብ ጋራዥ የምትመጣው ዘይት ልታስቀይር ነው?»

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው። ከዚያ ማን ይችለን! ሳቃችን ሲበርድ ጋሽ ክፍሌ መርጫውን ከሚስማሩ አውርደው ሰጡኝ። «ከሠራሽ በኋላ በደንብ እጠቢው» አሉኝ፤ በቃ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንኳ የለ። እኔ ግን የዚያን ቀን ያህል የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ወሬው በማቴዎስ ምላስ ከጋሽ ወልዴ ቀድሞ ቢታ ገነት ገባ። «ቅርንጫፉ» የሚል ቅጽል ስምም ወጣላቸው። ቀፎ ስቀሉልን የሚላቸው ግን አልጠፋም። ዛሬም ይጠሯቸዋል፤ ብቻ እሳቸው ከሰቀሉበት ዛፍ ሥር መኪና የሚያቆም የለም።

እኔም ዛሬ መኪና ሲመጣልኝ «ምን ነካት?» ብዬ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን መልስ እሰማለሁ። ከዚያ ሰው በሌለበት ለብቻው ወስጄ ድጋሚ እጠይቀዋለሁ። ብርጭቆ ወረቀት የማነሳው ከሁለተኛው መልስ በኋላ ነው።