ቀይ የተባለው ከፈይ

መርካቶ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ጨርቅ የሚለይ ከእኔ በላይ ሰው አልተወለደም። በሁለት ጣት አሸት ካደረግኩት የተሠራበትን አገር ብቻ ሳይሆን የሠራውን ሰው ጠባይ እናገራለሁ። ይህን ለማየት ሕዝቡ እስከ ሲኒማ ራስ ይሰለፍ ነበር። እርግጥ ሰልፉ የታክሲ ነው። በዚሁ ችሎታዬም አንድ ጊዜ የመጋረጃ ጨርቅ ለሙሽራ ካባ ብዬ ሸጫለሁ።

የሞባይል ቀፎ እንደ ሽጉጥ በቀበቶ በሚታጠቅበት ዘመን፣ አብሮኝ ሱቅ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ሚስት ሊያገባ ተነሣ። ጥሎሹን ይዘን እኔ፣ አባቱና ሽማግሌዎቹ አማኑኤል ሰፈር ወደ ልጅቷ ቤት ሄድን። እናቷ ደም የመሰለ ቀይ የከፈይ ቀሚስ ይምጣ ብለው ነበርና ልጁ ሻንጣውን ከፍቶ በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋው።

"ቀዩ ይሄ ነው?" አሉ እናትየዋ።

"አዎ፣ እትዬ" አለ ልጁ፣ በኩራት።

አንዲት አክስት ጎመን እንኳ እንዲህ አረንጓዴ አይሆንም አለች። ልጁ ቀይ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

የልጅቷ አባት በሕይወት ስላልነበሩ ቤቱን የሚያዝዘው አጎቷ ነው፤ የበርበሬ ጅምላ ነጋዴ። የበግ አጥንት እየመጠጠ የእኛን አጥንት ይቆጥር ጀመር። የልጁ አባት ምን አለሽ ተራ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚሠራ በያጅ መሆኑን ሲሰማ ጉዳዩ ሁሉ ተገለጠለት። የብየዳው እሳት የአባትየውን ዓይን አቃጥሏል፤ የተቃጠለው ዓይን ወደ ዘሩ ገብቷል፤ ልጁ ቀለም አይለይም፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ጭራሹኑ ታውሮ ይወጣል። ይህን ሲተነትን የበጉ ስብ በአገጩ ላይ ይወርዳል። ሰውን እንደ ፍየል ጥርሱን ከፍቶ ለማየት የቀረው ትንሽ ነበር።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የልጁ አባት ነው። አቀርቅሮ እሳት የበላቸውን እጆቹን ሲያይ ቆየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እውነት እኔ ነኝ ያበላሸሁት?" አለኝ።

"ጋሼ፣" አልኩ ወደ አጎትየው ዞሬ፣ "እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በበርበሬ ሲያስነጥሱ ኖረዋል። ልጆችዎ እያስነጠሱ ነው የተወለዱት?"

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። እሱ ግን አልሳቀም። ተፈጥሮ ራሷ ለቃሚ ናት አለ፤ ሻጋታውን ዛላ ለይታ ትጥላለች፤ እኛ ሻጋታ ልናገባበት ነው የመጣነው። እንግዲህ ዛላው የእህቴ ልጅ ነው፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ልጅቷም ከጓዳ በር ላይ ትሰማለች።

"ተፈጥሮ በርበሬ ለቃሚ አይደለችም፣" አልኩት። "ወልዶ ከማሳደግ የማያግድን ነገር ምን አድርጎኝ ብላ ትጥለዋለች? የበያጁም እጅ የለበትም። ቀይና አረንጓዴ አለመለየት ወንድ ልጅ ከእናቱ እንጂ ከአባቱ አይወርሰውም። እናቲቱ ራሷ አጥርታ እያየች ታስተላልፈዋለች። የዓይን ሐኪም ጠይቄ ነው።"

አጎትየው አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

"አንተ የጨርቅ ነጋዴ፣ ሐኪሙን ይሄን ምን አስጠየቀህ?"

ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። በቀልድ ማምለጥ እችል ነበር፤ መርካቶን የሚያክል ውሸት በኪሴ ነበረኝ። ግን የልጁ አባት ቀና ብሎ እያየኝ ነው።

"እኔም አልለይም" አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ልጅቷ ናት። እናትየዋም ሳቁና ልጃቸው ከእንግዲህ የባሏንም የእኔንም ቀለም እንደምትመርጥ ተናገሩ። አጎትየው አኩርፎ ወጣ፤ ለሠርጉ ሥጋ ግን ተመልሶ መጣ። የልጁ አባት እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ መብላት ጀመረ።

ጨርቅ ዓይኔን ጨፍኜ የምዳስሰው ብገልጠውም ስለማይጠቅመኝ ነው። ያንን ከፈይ ከመደርደሪያው አውርጄ "ይኸው ቀዩ" ብዬ ለልጁ የሰጠሁትም እኔው ነኝ።