የእጀ ወርቅ ሳል

ልብስ ሰፊዋን ሥራዋን ያየ ሁሉ «እጀ ወርቅ» ይላት ነበርና ስሟ እሱው ሆኖ ቀረ። ትዳር አልያዘችም። አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን በአንዲት ክፍል ታስታምማለች፤ እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እናቷ ከጎኗ ተኝተው ወሬ ያቀብሏታል።

ሳሉ የጀመራት ክረምት ሲገባ ነው፤ ጉሮሮ የሚበላ ደረቅ ሳል። ጉንፋን ነው ብላ ማር በሎሚ ጠጣች። ቀጥሎ ሽሮፕ፣ ሲብስባት ደግሞ የሰባት ቀን ካፕሱል። ሳሉ ወይ ፍንክች! ይባስ ብሎ ሽሮፑ እንቅልፍ እያመጣባት የሙሽራ ልብስ እጅጌ አጣማ ሰፋች። ደንበኞቿም አንድ በአንድ ሸሹ።

አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ መጥቶ አፉን በመሐረብ እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም። እማዬን ልውሰዳት።»

«አክታዬን ሁለቴ ተመርምሬ የለብሽም ብለውኛል እኮ!»

«ምርመራ ይሳሳታል። እሷ ደግሞ አቅም የላትም።»

እናት «ከልጄ አልለይም» አሉ፤ ማን ሰምቷቸው። እውነቱን ለመናገር እጀ ወርቅም ፈርታ ነበር። ልብሳቸውን አጣጥፋ ሰጠችው።

ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ወንድሟ ቤት እየሄደች በመስኮት ታያቸው ነበር። እናቷ በእጃቸው ግቢ፣ ግቢ ይሏታል፤ እሷ በአንገቷ እምቢ ትላለች። አምስተኛው እሁድ ሳይደርስ አረፉ። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ፣ እንዳታስል የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ዋለች።

በወሩ ለደም ግፊት ክትትሏ ጤና ጣቢያ ሄደች። አዲስ የመጣችው ሐኪም ሳሏን ሰምታ ካርዷን ገለጠች።

«እትዬ፣ ሳሉ መቼ ጀመረዎት?»

«ክረምት ሲገባ።»

«የግፊቱን ክኒንስ?»

አሰበች። «ከዚያ በፊት ባለው ወር።»

«ይሄ ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ሳል ያመጣል። በሌላ እንለውጠዋለን፤ በራስዎ ግን እንዳያቋርጡ።»

«ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«እናቴን በመስኮት ነበር የማያት» አለች እጀ ወርቅ።

አዲሱን ክኒን በጀመረች በአምስተኛው ሳምንት ሳሉ ለቀቃት። ወንድሟ ሰምቶ መጣ፤ አሁን ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ለእማዬ ብዬ ነበር» አላት፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«አውቃለሁ። እኔስ ልብሷን አጣጥፌ ሰጥቼህ የለ?»

«እኛ ጋ ነይ፤ ብቻሽን አትሁኚ።»

«ይቅርብኝ» አለችው። እስኪወጣ ጠብቃ በሩን ዘጋች፤ የዚያን ቀን መኪናዋን አልነካችም።