የሸምሰዲን መፋቂያ

ኪራኮስ አምላኩ በወጣትነቱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሰንሰለት ላይ ዛጎል እየፋቀ እንጀራውን በልቷል። በስድሳ ሦስት ዓመቱ፣ ካልጋሪ ካስልሪጅ ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ መንግሥት ዛጎልና የባሕር አረም ለሚያለማ ሰው የመሣሪያ መግዣ ይረዳል ሲባል ቢሰማ ሳቁ አልቆም አለው። ወሬውን በስልክ የነገረችው ልጁ ሮሚ ናት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሮሚ ቀልድ አልነበረም የነገረችው፣ ስለዚህ ሳቁ እስኪወጣለት ጠበቀችው።

ሮሚ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ካልጋሪ ነው፤ ከባሕር አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ። ነገር ግን ሌሎች ልጆች ተረት ሲነገራቸው ለእሷ ይነገራት የነበረው የአሰብ ወደብ ነው። የዕድሜ እኩዮቿ ነርስና አካውንታንት ሊሆኑ ሲማሩ እሷ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሄዳ የባሕር ትምህርት ተማረች። ተመርቃም ከአንድ ደሴት ዳር ጥቂት የውሃ ቦታ ተከራየችና ኦይስተር የሚሉትን ባለ ዛጎል እንስሳና የባሕር አረም ማልማት ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሰዎች ልጅሽ ምን ትሠራለች ሲሏት እናቷ ቅድስት "ግብርና" ብላ ታልፋለች። ክርስቲያን በአፉ የማያዞረውን ነገር ልጄ ታረባለች ማለት ከብዷት ነው። ኪራኮስም ቢሆን ያን ሁሉ ዓመት ሲፍቀው አንድም ቀን ቀምሶት አያውቅም።

የሮሚ ችግር ግን የሚያስቅ አልነበረም። በመከር የመጣ ማዕበል ገመዶቿን ግማሹን ወስዶባታል። ትልቁን ኦይስተር ከትንሹ የምትለየው አንድ በአንድ በእጇ ስለሆነ ጣቶቿ ቆስለዋል። እርዳታው እስከ ፀደይ ካልመጣ ቦታውን ለባለቤቱ መልሳ ሥራ ፍለጋ ልትወጣ ነው። የምትጠይቀውን ዕቃ ዘርዝራ ለአባቷ አነበበችለት፦ ገመድ፣ ተንሳፋፊ፣ አረሙን የምታደርቅበት መደርደሪያ፣ በመጨረሻም ኦይስተሩን እያሽከረከረ በመጠኑ የሚለይ ማሽን። ገበያ ላይ ያለው ማሽን ቤት ያህላል፤ ጀልባዋ አይሸከመውም። ኪራኮስ ያን ጊዜ ሶፋው ላይ ቀና አለ። "እሱንስ እኔ እሠራዋለሁ" አለ።

ከሃያ ዓመት በላይ የተጎታች መኪና ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ነው፤ አፉን ሞልቶ ቢናገር አይፈረድበትም። ሮሚም ማመልከቻው ላይ ከአቅራቢዎቹ መካከል ስሙን አስገባች። ማሽኑን ጠረፍ ድረስ ወስዶ የሚተክለውም እሱ ነው ተባለ። ኪራኮስ ካልጋሪ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ባሕር ለማየት ሄዶ አያውቅም። ቅድስት ብዙ ጊዜ እንሂድ ስትለው "ባሕር ዳር ቆሜ ፎቶ የምነሳ እንግዳ አይደለሁም" ይላታል። ባሕር ለእሱ የሥራ ቦታው ነበር፤ ሊመለስበት የሚፈልገውም በሥራ ልብስ ነው። ይህን ምኞቱን ለማንም አልተናገረም። ብቻ ከዚያ ስልክ በኋላ ጋራዡን ሁለት ጊዜ ጠረገው።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ከአካፋው ጎን፣ አንድ መፋቂያ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከከባድ መኪና ባሌስትራ የተሠራ ነው። የሠራው ሸምሰዲን የሚባል የአሰብ ልጅ ነው፤ እጀታው ላይም በጋለ ምስማር የገዛ ስሙን ጽፎበታል፤ ዕቃ እንዳይጠፋ ሲል። ሁለቱ ወደቡ ላይ ጠላቂዎች ነበሩ። መርከብ የሚታሰርባቸው ትልልቅ ተንሳፋፊዎች ሰንሰለታቸው በዛጎልና በአረም እየከበደ ይሰምጥ ነበርና፣ አንዱ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ወርዶ ይፍቃል፣ ሌላው ጀልባው ላይ ገመዱን ይይዛል። በየጥቂቱ ያዡ ገመዱን አንዴ ሳብ ያደርጋል። ደህና ነህ ወይ ማለት ነው። ከታች ያለው አንዴ ሳብ አድርጎ ይመልሳል። ካልመለሰ ያዡ ጎትቶ ያወጣዋል።

ከላይ የአሰብ ፀሐይ ድንጋይ ትሰነጥቃለች፤ ከታች ግን ውሃው አረንጓዴና ዝም ያለ ነው፤ ዓሦች ዛጎሉን ሲለቅሙ ቀጭን ድምፃቸው ጆሮ ውስጥ ይገባል። ሸምሰዲን ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሻይ ነው፤ ስኳሩ ካነሰ ይቆጣል። ኪራኮስ ሲጾም ሸምሰዲን ከፊቱ አይበላም፤ ሸምሰዲን ሲጾም ደግሞ ኪራኮስ የእሱን ተራ ወርዶለታል። ውሃ ውስጥ አፍ በተከፈተ ቁጥር ጾም ይፈርሳል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ኪራኮስ በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት የኖረበት ጊዜ የለም፤ ሲጠይቁትም አይደብቅም።

በ1990 ክረምት የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲመጣ ኢትዮጵያውያን አሰብን ለቀው ወጡ። ሸምሰዲን መፋቂያውን ከራሱ ዕቃ ውስጥ አውጥቶ ሻንጣው ውስጥ ከተተለት። መንገድ ላይ አንድ ፍተሻ ነበር። ያን ሰሞን ማዶ ወዳጅ አለኝ ማለት ራሱ ጥያቄ ያስከትላል። ፈታሹ መፋቂያውን ገልብጦ እጀታውን አነበበና ሸምሰዲን ማነው አለው። ኪራኮስ "አላውቀውም። መንገድ ላይ ያገኘሁት ነው" አለ። ፈታሹ መልሶ ወረወረለት። ነገሩ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ኪራኮስ ከዚያ ወዲህ ለሸምሰዲን አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ እጁ አልታዘዘለትም። አላውቀውም ብሎ ለካደው ሰው ምን ብሎ ይጽፋል።

ለሮሚ የአሰብን ነገር ሁሉ ሲያወራት ይቺን ብቻ ዘሏታል። የገመዱን ምልክት ግን አስተምሯታል። ትንሽ ሳለች፣ በበረዶ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ እሱ ከፊት እየረገጠ መንገድ ይከፍታል፤ እሷ የሻርፑን ጫፍ ይዛ ትከተላለች። ነፋሱ ድምፅ ስለማያሰማ አንዴ ሳብ ያደርጋል፤ እሷም ሳብ አድርጋ ትመልሳለች። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ጓደኞቼ ያዩኛል ብላ ተወችው።

ማመልከቻው ገባ፤ በጥር ወር የእርዳታው ኃላፊዎች በቪዲዮ ሊያናግሯቸው ቀጠሮ ሰጡ። ሮሚ ለገና መጥታ ስለነበር አባትና ልጅ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኪራኮስ ከረባት አስሯል። ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሮሚ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችው። እርዳታው የአመልካች ዘመድ ለሚሸጠው ዕቃ አይከፍልም። ፎርሙ ላይ ከአቅራቢው ጋር ዝምድና አለሽ ወይ የሚል ሳጥን አለ፤ እሷ ባዶ ትታዋለች።

"ሰርኔማችን ዲፈረንት ነው፣ አባዬ" አለችው። "እኔ ሮሚ ኪራኮስ ነኝ፣ አንተ ኪራኮስ አምላኩ። ማንም ኮኔክት አያደርገውም። ከጠየቁህ ብቻ አጭር መልስ ስጥ።"

እውነቷን ነው። ለፈረንጅ ዓይን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ኪራኮስ ከረባቱን እያስተካከለ ሳለ ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ።

ሰብሳቢዋ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። የኪራኮስን ልምድ ከወረቀቱ ላይ አነበበችና ትንሽ ተቸገረች። ዛጎልና የባሕር አረም በማስወገድ አሥራ አንድ ዓመት ይላል፤ ምናልባት በማልማት ለማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ሮሚ ጻፊው ሲላት ቃል በቃል የጻፈችው ነው። ኪራኮስ የለም፣ ማስወገድ ነው አለ። ከዚያም በሰባራ እንግሊዝኛው፣ ለሸምሰዲን የሚያወራ ይመስል፣ አስረዳቸው። ሰንሰለት ላይ ማንም ሳይነካው የሚያድግ ዛጎል ረጅምና ስስ ይሆናል፤ በአንድ ምት ይረግፋል። ሰንሰለቱ ሲወዛወዝ እየተጋጨ ጠርዙ የሚሰበረው ግን አጭር፣ ወፍራም፣ ውስጡ ሙሉ ነው፤ እሱን ለመፋቅ ክንድህ ይዝላል። ስለዚህ የእሱ ማሽን ኦይስተሩን እየለየ በልኩ ያጋጨዋል።

"የሚያስቸግረኝን ዛጎል አውቀዋለሁ" አለ። "እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ እሱን ነው።"

መነጽር ያደረገው ሰውዬ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለ፤ ስለዚህ ሥራ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የተሰጠ ወረቀት ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ወረቀት የለም። ኪራኮስ ብድግ ብሎ ጋራዥ ገባና መፋቂያውን ይዞ መጣ። ሲሠራ መዳፍ የሚያህል የነበረው ብረት ተበልቶ ተበልቶ ሁለት ጣት ሆኗል። ብረቱን ዛጎል ነው የበላው አላቸው። ሰውዬው እጀታው ላይ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚል ጠየቀ።

"ስም ነው" አለ ኪራኮስ። "ሸምሰዲን ይላል። ጓደኛዬ ነው። እኔ ውሃ ውስጥ ስሆን ገመዴን የሚይዘው እሱ ነበር።"

ሃያ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ለፈታሹ መልስ ሰጠ። ሰዎቹ ግን ምንም አላወቁም፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰብሳቢዋ ልትሰናበት ስትል ባዶዋን ሳጥን አየቻት። ለደንቡ ያህል ነው ብላ ይቅርታ ጠይቃ፣ አቶ ኪራኮስ ከአመልካቿ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ጠየቀች። ሮሚ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። የሚጠበቅበት የለኝም የምትል አንዲት ቃል ናት፤ ያውም አጭር። መፋቂያው እስካሁን እጁ ላይ ነው።

"ይቺ የወለድኳት ልጄ ናት" አለ።

ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ሮሚ ኮምፒውተሩን ከደነችው። "አባዬ፣ ዋይ?" አለች። "ዝም ብትል ምን ነበረበት?"

"ዝም በል አላሉኝም፣ ልጄ። ካዳት ነው ያሉኝ። አንድ ሰው ክጄ አውቃለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።"

ያን ቀን የፍተሻውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ነገራት። ሰማችው፤ አልተቆጣችም፤ አላጽናናችውምም። በማግስቱ ወደ ጠረፍ በረረች። ከዚያ በኋላ ስልኳ ሁሉ አጭር ሆነ፤ ሲደውል "ቢዚ ነኝ፣ ኮል ባክ አደርግልሃለሁ" ትላለች፣ አትደውልም። ኪራኮስ ልጁን ላለመካድ ብሎ ልጁን ያጣ መሰለው። ቅድስት ከሺፍት ስትገባ ጋራዡ ውስጥ ታገኘዋለች፤ የሚከፍለው የሌለውን ማሽን ይሠራል። ቀዳዳማውን ላሜራ ከመሥሪያ ቤቱ ትርፍራፊ አመጣው። ሞተሩን ሳቫና ሰፈር አንድ ሰው ደጁ ካወጣው የተበላሸ ትሬድሚል ነቀለው። የሚፈትንበት ኦይስተር ስላልነበረው ድንች አስገብቶ አሽከረከረ። ድንቹ በመጠን በመጠኑ ተለይቶ ወጣ፤ ግማሹም ተልጦ ስለነበር ቅድስት ወጥ ሠራችበት።

መልሱ በመጋቢት አጋማሽ መጣ። ገመዱ ተፈቀደ፤ ተንሳፋፊውና ማድረቂያውም ተፈቀደ። ማሽኑ ግን ሠሪው የአመልካች አባት ስለሆነ ተሰርዟል፤ ለተከላው የታሰበው የጉዞ ወጪም አብሮ ተሰርዟል። እርሻው ተረፈ። ሮሚ የደወለችው ለእናቷ ነው። ኪራኮስ ከጋራዡ በር ላይ ሆኖ ቅድስት እልል ስትል ሰማ፤ ተመስገን አለና መዶሻውን አነሳ። ዜናው ለሁሉም ደስታ ነው፤ የቀረው የእሱ ጉዞ ብቻ ነው። ለዚያ ብሎ ማልቀስ አሳፈረው።

ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሮሚ ማሽኑን ልትወስድ የጭነት መኪና ተከራይታ መጣች። አልፎ አልፎ በረዶ ይጥላል። ተቃቀፉ። ማሽኑን በጎረቤት እርዳታ ጫኑት፤ ሸራ አለበሱት። ኪራኮስ በአንደኛው ጎን ቆሞ ገመዱን በላዩ ወረወረላት፤ እሷ በወዲያኛው ጎን ሆና መንጠቆው ላይ ታስራለች። በመካከላቸው ማሽኑ ስላለ አይተያዩም። እሱ በዚህኛው በኩል ቋጠሮ እየሠራ፣ ስለ ረጅሙ መንገድ፣ ስለ ተራራው በረዶ ሊነግራት ያሰበውን በልቡ ይደረድራል።

ገመዱ አንዴ ሳብ አለ።

እያጠበቀች ነው ብሎ ጠበቀ። ሌላ እንቅስቃሴ የለም። ቆይቶ እንደገና፣ አንዴ ብቻ፣ ሳብ አለ። የኪራኮስ እጅ ቋጠሮው ላይ ቀረ። ከሸምሰዲን ጀልባ ወዲህ፣ ከሻርፑም ወዲህ፣ ማንም እንደዚያ ጠይቆት አያውቅም። እንባው መጣ፤ በጓንቱ ጠረገው። ከዚያ ገመዱን አንዴ ሳብ አደረገ።

"አባዬ" አለች ሮሚ ከማዶ። "ገመድ ልተክል ዳይቭ የማደርገው ለብቻዬ ነው። የሚይዝልኝ ሰው የለም። ና እንሂድ።"

ኪራኮስ ወደ ቤቱ ዞረ። ቅድስት የሥራ ጃኬቱንና አንድ ቦርሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከማን ጋር እንደተማከረች ግልጽ ነው። አልፏት ጋራዡ ገባና መፋቂያውን ከምስማሩ ላይ አወረደ።