ድምፅ የሌለው ጫማ

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀሩት ደስታዎች ሁለት ነበሩ፤ ሬዲዮና አደን። ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ዜና ሲያዳምጥ የልደታ ሰፈራችን በሙሉ አብሮት ያዳምጣል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን አይተው በስብሰባ ላይ «እንደ እኚህ አባት ያለ ንቁ ሰው ቢበዛልን!» ብለው አመስግነውታል። አባቴ ምስጋናውን ብድግ ብሎ ተቀበለ። እናቴ ግን «ንቃቱ እኛን እንቅልፍ ነሳን» ትል ነበር፣ በሩን ከዘጋች በኋላ።

አደኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። የራሱን ጠመንጃ መሣሪያ በአዋጅ ሲሰበሰብ አስረክቧል። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የነበራቸው ጓደኛው ናቸው፤ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ጨርቅ የሚነግዱ የወሎ ሰው፣ ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው። ቤንዚን በኩፖን በነበረበት በዚያ ዘመን ከኩፖናቸው ቆጥበው፣ አባቴን በአሮጌ ላንድሮቨራቸው አሳፍረው በጅማ መንገድ ይወጣሉ። የሥራ ክፍፍላቸው የታወቀ ነበር። ሐጂ ይተኩሳሉ፣ አባቴ ከፊት እየሄደ ይሰማል። ቁጥቋጦ ውስጥ የተኛ ድኩላ ጆሮውን ሲያራግፍ ከሃምሳ እርምጃ ይሰማው ነበር ይባላል። ይህን የሚለው እርግጥ ራሱ አባቴ ነው፤ ሐጂም አይክዱም።

ሥጋውም ሥርዓት ነበረው። በአንዱ ቀን የተገኘውን ሐጂ በቢስሚላህ ያርዱታል፣ የሚቀጥለውን አባቴ በስመ አብ ብሎ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመለሱት። እናቴ «ተመስገን፣ በሃይማኖት የሚያጣላቸው አልተገኘም» ትላለች። አባቴ ጥፋቱን በጫካው ያሳብባል።

«ጫካው ዝም ብሏል» ይላል ጮክ ብሎ። «ወፉ ሳይቀር ተሰዷል!»

«ኧረ ቀስ በል!» ትለዋለች እናቴ። ያን ጊዜ ስለ ስደት ጮክ ተብሎ አይወራም፣ የወፍም ቢሆን።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እንደተለመደው ባዶ እጃቸውን ተመለሱና ሐጂ በራችን ላይ ቆመው «አንተ ሰውዬ፣ እግርህ ይጮሃል! አውሬውን ያባረርክብኝ አንተ ነህ!» አሉት። ሐጂ ከአባቴ ጋር ሲያወሩ ሁልጊዜ ይጮሃሉ፤ የገበያ ሰው ስለሆኑ ነው ብለን ለምደነዋል። አባቴ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ ማንም እግርህ ይጮሃል ብሎት አያውቅም።

«ጫማ ለውጥ» አሉት ሐጂ።

እኔ ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ታይፒስት ነበርኩ፤ ምላሴ ከጣቶቼ ይፈጥናል። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ አባቴ ሜክሲኮ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ የሰው ሞት ሊያረዳኝ የመጣ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ጫማ ልናይ ነው» አለኝ። «ጆሮ የሚሆነኝ ሰው እፈልጋለሁ።» ቀልዱ ደስ ብሎኝ በእግራችን ወደ ተክለ ሃይማኖት ሄድን።

አባቴ ሱቅ ውስጥ ጫማ ሲመርጥ ያላየ ሰው ሙሽራ ሲመረጥ አይቻለሁ አይበል። መጀመሪያ የወታደር ከስክስ ቀረበለት። ሁለት እርምጃ ረገጠና «ይሄ ለሰልፍ ነው! ድኩላ ሰልፍ አይወጣም!» አለ። ባለሱቁ ወደ በሩ ተመለከተ። እኔም ተመለከትኩ። ደግነቱ በሩ ላይ የነበረው አንድ አህያ ብቻ ነው። ከጎማ የተሠራውን በረባሶ አመሰገነው፤ ግን እሾህ በጎን ይገባል። የፕላስቲኩ ኮንጎ እግር ያልባል። የቻይናው ሸራ ቀላል፣ ለስላሳ፣ እንደ ድመት የሚያስኬድ ነበር፤ በእኔ ቤት ነገሩ አለቀ። አባቴ ግን አውራ ጣቱን ነካክቶ «ትቆነጥጠኛለች» አለና አወለቀው። በመጨረሻ ወፍራም የጎማ ሶል ያለው ቡናማ ቆዳ ጫማ አደረገ። ፊቱ በራ።

«እስቲ ጸጥ በሉልኝ!»

ባለሱቁም ሁለት ገዢዎችም እኔም ጸጥ አልን። አባቴ ከግድግዳ ግድግዳ በኩራት ተመላለሰ። ውጭ ተሸካሚው «ወግድ!» ይላል፣ ወያላው ይጣራል፣ አህያው ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ማናፋት ጀመረ። እኔ በዚያ ሁሉ መሃል የጫማውን ድምፅ አልሰማሁም። «በቃ ውሰደው አባዬ» አልኩት፤ እግሬን አሞኝ ነበር።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ እናቴ ለማገዶ የገዛችውን የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል አባቴ ግቢው ላይ አንጥፎታል። ጫካ መሆኑ ነው። እኔን ደፉ ላይ አስቀመጠኝና አዲሱን ጫማ አድርጎ፣ አጎንብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣጥፎ በቅጠሉ ላይ መራመድ ጀመረ።

ቅጠሉ ኮሽ! ኮሽ! ይላል። ጫማው ሲጢጥ! ሲጢጥ! ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ የሚጮህ ጫማ ሰምቼ አላውቅም።

«አየሽ?» አለኝ ቆም ብሎ። «ኮሽታ እንኳን የለውም።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እንዲህ ያለ ቀልድ ይወዳል፤ ፊቱን ሳይፈታ ሰው ማሳቅ ያውቅበታል። «ድኩላው ከወሊሶ ሆኖ ይሰማሃል!» አልኩት። ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀና መራመዱን ቀጠለ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ከኋላው «ቅጠሌን አደቀቅከው እኮ!» አለችው። አልዞረም። ደገመችው። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸችበት። እናቴ ጠርታው አባቴ ዝም ብሏት አያውቅም። እሱ ግን አንድ ጊዜ ቅጠሉን፣ አንድ ጊዜ ጫማውን እያየ፣ እንደ ልጅ ተደስቶ ይራመዳል።

ሳቄ ቀጥ አለ። ሬዲዮው ትዝ አለኝ። ዝም ያለው ጫካ ትዝ አለኝ፣ የተሰደደው ወፍም። አፈርኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቅኩበት ነገር ሁሉ ተሰልፎ መጣብኝ።

«አባዬ፣ ይጮሃል» አልኩት ቀርቤ፣ ቀስ ብዬ።

«ማ?»

«ጫማው! ይጮሃል!»

«አንቺ ስለ አደን ምን ታውቂያለሽ!» አለ ተቆጥቶ። ከዚያ ቁጣው ቶሎ በረደና ወደ እግሩ አየ። «ነገ ሐጂ ይፍረድ። እግርህ አሁንም ይጮሃል ካለኝ በቃኝ፤ ሁለተኛ አልወጣም። ሰው አደን የሚያበላሽ ሽማግሌ ይዞ መዞር የለበትም።»

ከዚያ ወዲያ ከሬዲዮና ከቀበሌ ስብሰባ በቀር ምንም አይቀረውም ነበር። እናቴም ይህን ታውቃለች፤ ቅጠሏን ሳትቆጣ ሰበሰበች።

ቅዳሜ ጠዋት የላንድሮቨሩን ጥሩምባ ስሰማ አባቴ ገና ማሰሪያውን እያሰረ ነበር። ቀድሜ ወደ በሩ ሮጥኩ። ሐጂን ልለምናቸው ነው፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን አላወቅኩም።

«ሐጂ፣ እባክዎ... ጫማው...» አልኩ። «የአባዬ ችግር እግሩ አይደለም። እሱ...»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉኝ።

እንዲህ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ለካ ድምፃቸው እንደ መስጊድ ሰው ለስላሳ ነው። ያ ሁሉ ጩኸት ለአባቴ ብቻ ነበር።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ። «ባለፈው ሳምንት ድኩላ በአጠገቡ አለፈና፣ ሳይሰማው እንደቀረ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቆረ። ምን ልበለው? ጆሮህ ነው ብለው ይቀራል። እግርህ ነው ብለው ጫማ ይገዛል።»

«አውሬው ግን ይሸሽብዎታል።»

«ይሽሻ! ወላሂ እኔ ቤት ሥጋ አልጠፋም።»

አባቴ ወጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን አጥልቆ፣ ከደፉ እስከ በሩ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ መጣና ሐጂ ፊት ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣጥፎ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ከንፈራቸውን ያያል።

«እህስ?» አለ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ጫማውን አዩ፣ ዙሪያውን ዞሩ፣ ጊዜ ወሰዱ። ከዚያ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኹ። «ጥጥ! ጥጥ ረገጥክ እንጂ!»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እንዲያ ሲኮራ አይቼው አላውቅም። «ሰማሽ?» አለኝ።

እንባዬ መጣ፤ እንዳያይብኝ የኮቱን ቁልፍ የማስተካክል መሰልኩ። «ሰማሁ አባዬ!» ብዬ ጮህኩ፣ በኩራት፣ እንደ ሐጂ። የጎረቤት ውሻ ደንግጦ ጮኸ። አባቴ ጠመንጃ እንደያዘ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ ወደ መኪናው ሄደ። ሐጂም ጫካ የገቡ ይመስል በጣታቸው ጫፍ እየረገጡ ተከተሉት።