ያልነበረ ፋውል

ሐኪሙ «ድነሃል» አለው። «ሳንባህ ላይ የቀረው ጠባሳ ብቻ ነው።» ብቻ! ይህችን «ብቻ» ተሸክሞ ሐኪሙ ራሱ አንድ ቀን ደረጃ ቢወጣባት ደስታዬ ነበር። ሰፈሩ ፊሽካ እያለ የሚጠራው የኳስ ዳኛ ግን አምኖ ወደ ሜዳው ተመለሰ። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ ውጦ ጨርሷል፤ ቲቢው ለቆታል። ሲለቀው ከሳንባው እኩሌታውን ይዞ እንደሄደ ግን የነገረው የለም።

መሮጥ አቃተው። ትንሽ ከሮጠ ደረቱ ሲር ሲር ይላል፣ ሳሉ ይነሳል። ማሳል ደግሞ የማይታሰብ ነው። ታሞ በተኛ ጊዜ እጁን የሚጨብጥ ሰው ጠፍቶ ነበር፤ የገዛ ወንድሙ እንኳ የሚጠይቀው በመስኮት ነው። አሁን ሜዳ ላይ ቢያስል «አገረሸበት!» ብለው ፊሽካውን ይቀሙታል። እናም ዘዴ ፈጠረ፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ፋውል ይነፋል። ተጫዋቾቹ እስኪጨቃጨቁ፣ እሱ ወገቡን ይዞ፣ ኮስተር ብሎ አየር ይሰበስባል። ማንም ማንንም ሳይነካ ፋውል በፋውል ሆነ። ሰዉም «ዳኛ ማለት እንዲህ ነው፣ ጥብቅ!» እያለ አመሰገነው።

ነገሩ የገባት ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ብቻ ነበረች።

«ዛሬስ ስንቴ አረፍክ?» ትለዋለች፣ ማሽኗን ሳታቆም። «ኧረ ንገራቸው! ጠባሳ እኮ አይተላለፍም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። እነሱ ግን መች ያምኑኛል?»

ጉዱ የመጣው በዋንጫው ቀን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የታችኛው ሰፈር አጥቂ ኳስ ይዞ ብቻውን ወደ ጎል ከነፈ። ፊሽካ ሊከተለው ሞከረ፤ ዓይኑ ጭልም አለበት፤ እጁ እንደለመደው ወደ አፉ ሄደ። ፊው! ኳሷ መረብ ውስጥ ገብታለች፣ ጎሉ ግን ተሻረ። እንዲህ ዓይነት ፋውል ታይቶም አይታወቅ! ከጎል የተረፉት ተጋጣሚዎች ሳይቀሩ አፍረው መሬት መሬት አዩ።

«ጉቦኛ!» ሜዳው ቀውጢ ሆነ። የውድድሩ ሰብሳቢ እየሮጠ መጣ።

«ምን አይተህ ነው የነፋኸው? ማን ነካው? ወይስ እውነትም ጉቦ ተቀብለሃል?»

እውነቱን ቢናገር በሽተኛ ነው፣ ቢዋሽ ሌባ። ጉሮሮው ላይ የደረሰውን ሳል እንደምንም ዋጠና፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ተቀብያለሁ» አለ።

ፊሽካውን እዚያው ተቀማ፤ ከዳኝነትም ለዘለቄታው ታገደ። ያን ያህል የሸሸው ነገር መጣ። ሰዉ ግን ሲመሽ ቁጣው በረደለት። አሸናፊዎቹ እየሳቁ ዙሪያውን ከበቡት። ሰብሳቢው ራሱ ትከሻውን አቀፈው፤ «እንግዲህ ሰው ነህ፣ ምን ይደረግ! የማይሳሳት ማን አለ?» እያለ እጁን ጨበጠው። ለሌባማ ማን ይጨክናል!

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ ሰምታ ኖሮ ማሽኗን አቁማ ጠበቀችው።

«ሌባ ነኝ ብለህ መጣህ? አንተ? ምነው ምን ነካህ?»

በሩን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ከዚያ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳያት።

«ሁሉም ጨበጡኝ» አላት።