ደርቆ የተፈተነው የዳበል አፈር

መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ከሞያሌ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነውና፣ ከምንም በፊት ደስ እንዳለኝ ልናገር። አክስቴ ሐሊማ ኬንያ፣ ኢሲዮሎ ከተማ ባለ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ዳበል በምትባል መንደር ያለ የኩሬ ግድብ ባለፈው ዝናብ ተንዶ አንድ ልጅ ገድሏል። እንደገና ከመሠራቱ በፊት አፈሩን እንድትመረምር ተጠራች፤ ቦረንኛ ስለማትችል እኔን አስተርጓሚ አደረገችኝ።

ጠዋት

ስቴጁ በሚሉት የመኪና መሳፈሪያ ማንዳዚ የተባለውን በዘይት የተጠበሰ ዳቦ በልተን ፕሮቦክስ መኪና ተሳፈርን። ሾፌሩ ለእያንዳንዳችን ስምንት መቶ ሽልንግ አለ። አክስቴ ዓይኗን ስታፈጥበት «ማማ፣ መንገዱን ስታዪ ትመርቂኛለሽ» አላት። እውነቱን ነበር፤ አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ሲጋጭ ዋለ። በመስኮት ቀይ አቧራ፣ ግራር፣ ኩይሳ አየሁ። ቀጥሎ የከብት አጥንት፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ መስኮቱን ተውኩት።

ዳበል

የግድቡ አንድ ጎን ወደ ውስጥ ተንሸራቶ ወርዷል። ኩሬው ተሰነጣጥቋል። ሽማግሌው አባ ጉዮ ከግድቡ ጓል አንስተው በበትራቸው ቀጠቀጡት፤ አልፈረሰም።

«ድንጋይ ነው እኮ! ምኑ ይመረመራል? ዝናቡ ደርሷል፤ ፈቃዱን ስጡንና እንሥራ።»

አክስቴ ጓሉን ተቀብላ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ጨመረችው። የቀረበልንን ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ጭቃ ሆነ።

«ይሄ ብቻውን አይበቃም» አለች፤ እኔ ከሥር ከሥሯ ተረጎምኩ። «ሁለት ምርጫ አለን። ደረቁን እንዳለ መጭመቅ አንድ ቀን ነው፤ ጠንካራ ነው ይለናል። ሌላው፣ ግድቡ ላይ እንደሚጠቀጠቀው ጠቅጥቆ፣ በስስ ላስቲክ ሸፍኖ፣ ውሃ አጥግቦ፣ እስኪሰበር ቀስ እያሉ መጫን ነው። እሱ ሳምንታት ይፈጃል።»

ከኋላ የቆሙት አዴ ዳኪ፣ የሞተው ልጅ እናት፣ ወደ እኔ ቀረቡ። «ባለፈውስ አልተፈተነም ነበር?»

አክስቴ የድሮውን ውጤት አንብባዋለች። መሬት መሬት አየች።

«ተፈትኗል» አለች። «ደረቁን።»

አንዲት ቃል ናት። እንደምንም ተናገርኳት።

«ታዲያ ርጥቡን የፈተነው ልጄ ነዋ» አሉ አዴ ዳኪ።

አክስቴ ምን አሉ ብላ አልጠየቀችኝም። በስዋሂሊ «ፖሌ ሳና»፣ በጣም አዝናለሁ፣ ብቻ አለቻቸው።

አባ ጉዮ በትራቸውን ተደገፉ። «እሺ፣ ርጥቡን ፈትኑ» አሉ። «እስከዚያ ግን ምን እንጠጣ?»

አፈሩን በከረጢት ሞላን።

መልስ

አስፋልቱ ላይ ተለያየን፤ እሷ ከረጢቶቹን ይዛ ወደ ኢሲዮሎ፣ እኔ በፍየል ጫኝ ሎሪ ወደ ሞያሌ። ረዳቱ «ቦታ ከጠበበሽ አንዱን እቀፊው» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር።

ሞያሌ

ሳምንት ሳይሞላ ዝናቡ ወረደ። እናቴ ባልዲ ሁሉ ደጅ ደረደረች፤ ጎረቤቶቻችን እልል አሉ። ለአክስቴ ደወልኩላት።

«አፈሩ ገና ውሃ እየጠገበ ነው» አለችኝ።

ደግማ ብትጠየቅ ያንኑ የርጥቡን ፈተና ትመርጣለች፤ እኔም ያንኑ። ትክክለኛ ምርጫም ሰው እንደሚያስጠማ ግን ከዚህ ጉዞ በፊት አላውቅም ነበር። ዳበልም ዘንቧል። የሚያቆመው ግድብ የለምና ውሃው በእነ አዴ ዳኪ ደጅ አልፎ ሄደ።