የጋሼ ወንድይፍራው ሳህን

ሥራውን የጀመርኩት ቀየት በምትባል የገጠር ከተማ ነው፤ በሁዳዴ፣ በዚያ ብርድ፣ በቅጡ ባልለመድኩት ታብሌት። ዕድሜዬን ሙሉ ዓለም ከተማ ሐኪም ቤት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁና፣ ቤት መቀመጥ ሲያቅተኝ ለአንድ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጥናቱ የሥነ ልቦና ነው፤ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በሕክምናቸው ጊዜ እንዴት እንደሚበሉና መንፈሳቸው እንዴት እንደሚሰነብት ይጠይቃል። ቀላል መስሎኝ ነበር። ሰው በላ ወይም አልበላም፣ ደህና ነው ወይም አይደለም፤ ከዚህ ወዲያ ምን አለ ብዬ ነው የገባሁበት።

የምይዘው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ታብሌት፣ በቦርሳ የሚያዝ ሚዛን፣ የክንድ መለኪያ ሜትር፣ የስምምነት ቅጽ። ጥያቄው ይነበባል፤ ተሳታፊው ከዜሮ እስከ አራት ካለው ይመርጣል፤ እኔ እነካለሁ። ዜሮ ማለት በፍጹም፣ አራት ማለት ሁልጊዜ ነው።

የመጀመሪያዋ ተሳታፊ የጡት ካንሰር ያለባቸው እናት ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ምግብ ምን ያህል አስደስቶዎታል ብዬ አነበብኩላቸው። እኔን አዩኝ፣ ታብሌቱን አዩት፣ ከዚያ በሁዳዴ በምግብ የሚደሰት ማን ነው፣ አንቺስ የማን አገር ሰው ነሽ አሉኝ። አፈርኩ። መንፈስዎ እንዴት ሰነበተ ወደሚለው አለፍኩ። ተመስገን አሉ። እሺ፣ ግን ከነዚህ የትኛው ነው አልኳቸው። ተመስገን አልኩሽ እኮ አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

ተመስገን ዜሮ ነው ወይስ አራት? እኔ ራሴ ሆዴ እያረረ ተመስገን የምል ሰው ነኝ፤ ሠርግ ላይም እላለሁ፣ ለቅሶ ላይም እላለሁ። ደጅ ወጥቼ ለአስተባባሪያችን ለዶክተር ሂሩት ደወልኩ። ዶክተር ሂሩት ጥናቱን የምትመራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ በዕድሜ ከልጄ አትበልጥም፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች፣ ሰውም ታከብራለች። ሲስተር፣ እንዲመርጡ ይርዷቸው እንጂ አይምረጡላቸው አለችኝ። እሺ ብዬ ተመለስኩ። ሴትየዋ አልመረጡም። መልስ የለም የሚለውን ነክቼ ወጣሁ። የመጀመሪያው ቀኔ በዚሁ አለቀ፤ ግራ እንደገባኝ ሄጄ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ግሼ ወረዳ ተላክሁ። በወረዳው ከተማ በራቤል መናኸሪያ ከመኪና ስወርድ አንድ ጎልማሳ ጠበቀኝ። ደረጀ ይባላል፣ አስተማሪ ነው፣ የተሳታፊው ልጅ ነው። ቦርሳዬን ተቀበለኝና ገና ሳንራመድ ለመነኝ። አባቱ በሽታቸው ካንሰር መሆኑን አያውቁም፤ የአንጀት ቁስል ነው ብለዋቸዋል፤ ስሙን እንዳልጠራባቸው። ቅጻችን ላይ የሚታከሙበት ሕመም ነው የሚለው፤ ስለዚህ እሺ አልኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ከባለቤቱ ሲደበቅ ምን እንደሚባል ግን እኔም አላውቅም።

ጋሼ ወንድይፍራው ገብስ የሚያርሱ፣ በጎች ያሏቸው፣ ከዚያም በላይ ባና፣ ያንን ወፍራም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ በመሸመን የታወቁ ሰው ናቸው። እሳቸው የሠሩት ባና ዝናብ አያስገባም ይባላል። አንጀታቸው ተቀዶ፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ከተማ እየሄዱ ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። ሐኪሞቹ ለቤተሰቡ አጥብቀው የነገሩት አንድ ነገር ነበር፦ ክብደታቸው ከዚህ ከወረደ መድኃኒቱን አይችሉትም፣ ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ሊመለስ ይችላል። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በር ላይ ተቀብለውኝ እህል አይቀምስም፣ ምን ላድርገው ብለው እጄን ያዙኝ።

ደግሞም ያላደረጉት ነገር የለም። የነፍስ አባታቸው እንዲገድፉ ፈቅደውላቸዋል። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጾም እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ የአጥንት መረቁ ለእሳቸው ብቻ ይሠራል። የፍስክ ዕቃ ከጾም ዕቃ ጋር አይነካካም፤ በመሆኑም በነጭ የብረት ሳህን፣ በራሳቸው ኩባያ፣ ባና ከሚሸምኑበት አጠገብ ካለው መደብ ላይ ይቀርብላቸዋል። የቀረው ቤተሰብ መሶብ ከብቦ ስልጆውን ይበላል። ሳህኑ እንደቀረበ ይመለሳል።

ለእንግዳዋ ለእኔ መሶብ ቀረበ። እጄን ታጥቤ ስቀመጥ ጋሼ ከመደቡ ተነሡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ስሜን ጠየቁኝ። ትዕግሥት አልኳቸው። ከዚያ ያንን የገብስ እንጀራ በስልጆ እያጠቀሱ በሉ፤ ደህና አድርገው በሉ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። እኔም ታብሌቴ ላይ የምግብ ፍላጎት ሦስት ነክቼ፣ ቤተሰቡ አጋኗል ብዬ ሄድኩ።

ተመልሼ ስመጣም እንደዚያው ሆነ። መሶቡ ሲቀርብልኝ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይቀልዳሉ። ጥያቄ ስደጋግምባቸው ስምሽን ያወጣው ሰው አልተሳካለትም ይሉኛል። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ግን ቀንሰዋል። ሚዛኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ራሴ ወጣሁበት፤ ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም እኔ ጨምሬያለሁ። ዓይኔ የሚያየውና ሚዛኑ የሚለው አልገናኝ አለኝ። የሚበላ ሰው እንዴት ይከሳል?

ያቅለሸልሽዎታል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ የለም አሉ። ጣዕሙ ይለወጥብዎታል ወይ፤ እሱም የለም። አስቤ አስቤ ጾሙ ነው አልኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጾሙ ሰው፣ የነፍስ አባት ቢፈቅዱላቸውም ኅሊናቸው እንቁላሉን እንቢ ብሎ ነው፤ ከእኔ ጋር የሚበሉት መሶቡ የጾም ስለሆነ ነው። ይህን ለዶክተር ሂሩት ስነግራት ደስ አላት። እኔማ ነገር የገባኝ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ፋሲካ ይምጣ እንጂ አልኩ።

ፋሲካ መጣ። ከበዓሉ በኋላ ስሄድ በግ ታርዷል፣ መሶቡ ላይ ወጥ አለ፣ የሚጾም ሰው የለም። ያ ነጭ ሳህን ግን መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ መረቁ ረግቶበታል። እትዬ አስካለ ለስላሳው ይስማማዋል ብለው እንደለመዱት ለብቻ ማቅረባቸውን ቀጥለዋል። ጋሼ አልነኩትም። ለእኔ ሲቀርብ ግን ተነሥተው መጡና በሉ። የኔ ፍልስፍና በዚያው ገደል ገባ። መንፈስዎ እንዴት ሰነበተ አልኳቸው። ተመስገን አሉ።

በዚያ ሰሞን ዶክተር ሂሩት ሥራ ልታይ ራቤል መጣች። አብራኝ ገብታ ጥግ ላይ ተቀምጣ አየች። ስንመለስ መንገድ ላይ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሲስተር፣ ሰውየው የሚበሉት እርስዎ ሲበሉ ነው፤ እኛ ደግሞ ማወቅ የምንፈልገው እርስዎ የሌሉበትን ቀን ነው አለች። ከተሳታፊ ጋር መብላት እንደማይፈቀድ ሥልጠናው ላይ ተነግሮን ነበር። በዚህ አገር እንጀራ የቀረበለት እንግዳ አልበላም ይበል የሚል ደንብ ማን አወጣው ብዬ ተቆጣሁ። መቆጣቴ አልቀረም፣ ልክነቷም አልቀረም። እሺ አልኩ።

ቀጥሎ ስሄድ መሶቡ ሲቀርብ በልቼ ነው የመጣሁት አልኩ። እትዬ አስካለ ከፋቸው፤ በሞቴ ቅመሽ እንጂ አሉ። አልቀመስኩም። ጋሼ ከመደቡ ሊነሡ ጀምረው ነበር። እጄን አዩት፣ ጉልበቴ ላይ እንዳስቀመጥኩት። ተመልሰው ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የዚያን ቀን ቀልድም አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ደረጀ ደወለ። ድምፁ ተሰብሯል። አባቱ እህል የሚባል አልቀምስም ብለዋል፣ ለቀጠሮውም ከተማ አልሄድም ብለዋል። ቀጠሮው ደርሷል። ሲስተር፣ ስሙን ነገሯቸው እንዴ አለኝ። እኔ ምንም አልነገርኩም፤ ያደረግሁት ነገር ቢኖር አለመብላት ብቻ ነው። አንድ ጉርሻ እንቢ ማለት ሰውን ሕክምና ያስተዋል? እኔ እንጃ፣ አልገባኝም ነበር። ፈራሁ ግን።

ታብሌቱንም ሚዛኑንም ትቼ ባዶ እጄን ሄድኩ። ጋሼ ባና መሸመኛቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ክሩ ተወጥሯል፣ እሳቸው አይሠሩም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሐኪም ቤት የኖርሽ ሰው ነሽና አትዋሺኝ አሉ። ይጠይቁ አልኩ።

«ይተላለፋል?»

ለደረጀ የሰጠሁት ቃል ትዝ አለኝ። ምኑ አልኩ፣ እንደማያውቅ ሰው።

«በሽታው ነዋ። ስሙን ተይው፣ ስሙን አውቀዋለሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ። መተላለፉን ግን በሩ ላይ አልጻፉም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ጾም ነው ብለው ዕቃቸውን ለዩ፤ ይሁን አሉ። ፋሲካ ሆነ፣ ዕቃቸው እንደተለየ ቀረ። ስሙን የማይነግሯቸው በሽታ፣ ለብቻ ሳህን፣ ለብቻ ኩባያ፤ ድሮ ሥጋ ደዌ የያዘው ጎረቤታቸው እንዲህ ነበር የተለየው። ቤተሰቡ ከፍቅር ብዛት እንዳልነገራቸው ገባቸው፤ ስለዚህ አልጠየቁም። ከዚያ ሳህን መብላት በሽታው ይተላለፋል ብሎ እንደማመን ሆነባቸው፤ እህሉ አልወርድ አለ። እኔ ስመጣ ግን ከአንድ መሶብ እበላ ነበር። የሐኪም ቤት ሰው ናት፣ ቢተላለፍ አትነካውም ይሉ ነበር ለራሳቸው። በመጨረሻ እኔም ተውኩ።

አይተላለፍም አልኳቸው። በምግብም፣ በትንፋሽም፣ በዕቃም አይተላለፍም፤ እንዲህ ያለ በሽታ አይደለም።

«እንግዲያው አንቺ ለምን ተውሽ?»

ደንቡን ልነግራቸው ጀመርኩ። መረጃ፣ ጥናት፣ እኔ የሌለሁበት ቀን እያልኩ ጀምሬ መሐል ላይ ለራሴም ጠፋኝ። ተውኩትና እትዬ አስካለ፣ እባክዎ ምግብ ያቅርቡ፣ እርቦኛል አልኩ። ዞር ስል እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ያ ነጭ ሳህን እጃቸው ላይ ነው፤ ሁሉን ሰምተዋል። እኔ እኮ የሚሻልህን ልስጥህ ብዬ ነው አሉና እንባቸው መጣ። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡት።

መሶቡ ቀረበ፤ ሦስታችንም ከበብነው። እኔ ጀመርኩ፣ ጋሼ ቀጠሉ። ትንሽ እንደበሉ ጠቅለል አድርገው ቆረሱና እጃቸውን ወደ ሚስታቸው ዘረጉ። ዘርግተው ግን አላጎረሱም። እንደያዙት ወደ እኔ ዞሩ።

«አይተላለፍም አይደል?»

አይተላለፍም አልኩ። አጎረሷቸው። እትዬ አስካለ አፋቸው ሞልቶ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ጋሼ ሰው ሲበላ አይለቀስም ብለው ተቆጡን።

ለቀጠሮው ሄዱ። ክብደታቸው ስላልበቃ ሐኪሞቹ ጥቂት አቆይተው፣ ሲጨምሩ መድኃኒቱን ሰጧቸው። አሁን ጨርሰዋል፤ ለምርመራ ብቻ ይመላለሳሉ። ነጩ ሳህን የዶሮ ውሃ ማጠጫ ሆኗል። ደረጀ እስካሁን ስሙን ማን ነገራቸው እያለ ይጠይቀኛል፤ በሩን ጠይቀው እለዋለሁ።

ለዶክተር ሂሩት ያደረግሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። አልተቆጣችም። የጋሼ መረጃ ከጥናቱ ወጣ፤ መውጣትም ነበረበት፣ እኔ ገብቼበታለሁና። ግን ሰውየው ያልበሉት ከፍርሃት ነው፣ ከብቸኝነት ነው፣ ወይስ ከኀዘን ብዬ ጠየቅኋት። ሲስተር፣ ሦስቱን የምለይበት ጥያቄ የለኝም አለችኝ። እኔም የለኝም። እስከዛሬ ሳስበው ዞሮብኝ ነው የምተወው።

እናንተ አሁን ታብሌት ይዛችሁ የምትወጡ ልጆች ከእኔ የምትወስዱት አንድ ነገር ነው። በልተዋል ወይ ከማለቴ በፊት፣ በሽታዎ ይተላለፋል ብለው ያስባሉ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። መጠይቁ ላይ የለም። ጠይቁ።